ዶላሩ ያው፣ ብሩ ሌላ፦ በአዳማ የአንድ የበጎ ፈቃድ ክለብ የውሃ ፕሮጀክት የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአዳማ የሚገኝ አንድ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለብ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ለሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የቧንቧ ውሃ ለማስገባት ሲነሣ የገጠመውን የገንዘብ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መዝጊያው ይመረምራል። የፕሮጀክት ኮሚቴው ጸሐፊ ስለነበርኩ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ ፕሮፎርማዎቹና የባንክ መግለጫዎቹ በእጄ ናቸው፤ የክለቡን፣ የትምህርት ቤቱንና የሰዎቹን ስም ግን ሆን ብዬ ትቻለሁ። ስለ ውሃ ፕሮጀክት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጉድጓድ፣ ስለ ፓምፕና ስለ ውሃ ኮሚቴ ነው። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በዶላር ቃል የተገባ እርዳታ በብር ሊወጣ ሲል፣ በመካከሉም የብሩ ምንዛሪ ከእጥፍ በላይ ሲለወጥ፣ ልዩነቱ የማን ነው? ማንስ ይወስንበታል?

ትምህርት ቤቱና ውሃው

አዳማ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ አለት ጋር ለረጅም ዘመን ተነካክቶ ስለሚኖር በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ሲልና ዓመታቱ ሲረዝሙ ደግሞ ጉዳቱ ወደ አጥንት ይዘልቃል፣ ጀርባና መገጣጠሚያ ያደርቃል። ወንጂ በዚህ ረገድ በሀገራችን በእጅጉ የታወቀ ቦታ ነው። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ሠራተኞቹ ለዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውሃ በብዙዎቹ ላይ የጥርስና የአጥንት ፍሎሮሲስ ማስከተሉን ሐኪሞች መዝግበዋል።

ትምህርት ቤቱ ጉድጓድ አልቸገረውም። ግቢው ውስጥ አንድ ነበረ፤ ውሃውም ለዓይን ጥርት ያለ፣ ለአፍም የማይጎረብጥ ነበር። ናሙናው ሲመረመር ግን ፍሎራይዱ ከጣሪያው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለወላጆች ማስረዳት ያሰብነውን ያህል ቀላል አልሆነም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለዓመታት «አፍልታችሁ ጠጡ» ስትል ኖራለች፤ ምክሯም ለተቅማጥና ለመሰል በሽታዎች ትክክል ነው። ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲቀንስ በቀረው ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። በአፋን ኦሮሞ በተካሄደው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ እንጨት ያቃጠልነው በከንቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሠራተኛዋ ረጋ ብላ ሁለቱን ነገር ለይታ እስክታስረዳ ድረስ አዳራሹ ተናውጦ ነበር።

በመጀመሪያ የታሰበው ማጣሪያ መትከል ነበር። በአጥንት ከሰል የሚሠራው ማጣሪያ ፍሎራይድን በመያዝ የታወቀ ሲሆን፣ ከሰሉ በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ በዚያ ላይ አንድ አዛውንት «አጥንቱ የማን ከብት ነው? የታረደውስ በማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚመለከት ነበርና ማንም ሊያልፈው አልቻለም፤ በጾም ወራት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሁለተኛው አማራጭ የከተማውን መስመር ማስረዘም ነበር። አዳማ የምትጠጣው በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተጠልፎ የሚጣራ ውሃ ነው፤ ፍሎራይዱም ከአካባቢው ጉድጓዶች ያነሰ ነው። ወጪው ከፍ ቢልም ኮሚቴው ይህን መረጠ። ከነዋሪው በተሰበሰበው አስተያየት ውስጥ ግን የበለዘ ጥርስ ከፍተኛውን ቦታ አልያዘም። ወላጆች ያስቀደሙት በአህያ ጋሪ የሚመጣውን የጀሪካን ውሃ ዋጋ ነበር፤ መምህራኑ ደግሞ የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት።

የገንዘቡ አወቃቀር

ክለቡ ያመለከተው የዓለም አቀፉ የሮታሪ ክለቦች ማኅበር የእርዳታ ድርጅት የሆነው ሮታሪ ፋውንዴሽን ለሚሰጠው፣ ግሎባል ግራንት ለተባለው እርዳታ ነው። ይህ የእርዳታ ዓይነት አነስተኛው የፕሮጀክት በጀት 30,000 ዶላር ሲሆን፣ ፕሮጀክቱ ባለበት ሀገር ያለ አስተናጋጅ ክለብና በሌላ ሀገር ያለ አጋር ክለብ በአንድነት እንዲያመለክቱ ግዴታ ያደርጋል። ገንዘቡ ከአንድ ኪስ አይወጣም። ዲስትሪክቶች (የአንድ አካባቢ ክለቦች የሚታቀፉባቸው የሮታሪ ክፍሎች) ከድርሻቸው ያዋጣሉ፤ የፋውንዴሽኑ የዓለም ፈንድ በዲስትሪክቶቹ መዋጮ ላይ 80 በመቶ ይጨምራል፤ ክለቦች በጥሬ ገንዘብ የሚያዋጡት ግን ተጨማሪ አያገኝም። በእኛ ጉዳይ አጋር የሆነው የአውሮፓ ክለብ ዲስትሪክት 18,000 ዶላር፣ የእኛው ዲስትሪክት 2,000 ዶላር ሰጡ። በዚህ 20,000 ዶላር ላይ የዓለም ፈንድ 16,000 ዶላር ጨመረ። ቀሪውን 4,000 ዶላር ሁለቱ ክለቦች እኩል ተካፈሉት። ጠቅላላው 40,000 ዶላር መጣ።

የእኛ ክለብ ድርሻ እንግዲህ 2,000 ዶላር ነበር። ከአርባ ሺሕ ውስጥ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ግን ከዚህችው ነው።

በጀቱ የተሠራው በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ፣ ባንኮች አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ በሚመነዝሩበት ጊዜ ነበር። 40,000 ዶላር በዚያ ተመን 2,280,000 ብር ይሆናል። ቧንቧው፣ መጋጠሚያውና ቆጣሪው ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች በመሆናቸው ነጋዴው ዋጋ ያወጣላቸው የነበረው በባንኩ ተመን አልነበረም፤ ዶላሩን ራሱ በትይዩ ገበያ ከባንኩ እጥፍ በተጠጋ ዋጋ ያገኘው ስለነበር ያንኑ በዕቃው ላይ ይጭነዋል። እርዳታው በባንክ ተመን ወደ ብር እየተለወጠ፣ ዕቃው በትይዩ ገበያ ዋጋ ይገዛ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ከውጭ ለሚመጣ እርዳታ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ይህን ክፍተት ያውቀዋል፤ በማመልከቻ ቅጽ ላይ ግን የሚጻፍበት ሳጥን የለውም። መምህራኑ ያስቀደሙት የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ከበጀቱ የተሰረዘው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማመልከቻው ሰኔ ላይ ጸደቀ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ዕለት ዶላር ከ70 ብር አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ተሻገረ፤ የእርዳታው ገንዘብ የፕሮጀክቱ ሒሳብ ውስጥ በገባበት በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ ከ120 ብር በላይ ሆኖ ነበር።

በክለቡ ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ይህ ዜና በመጀመሪያ የተሰማው እንደ ሎተሪ ነው። ሒሳቡ በናፕኪን ላይ ተሠራ፦ 40,000 ሲባዛ በ120፣ 4,800,000 ብር። ከበጀቱ 2,520,000 ብር ብልጫ! አንድ አባል ለሁለተኛ ትምህርት ቤት ስም መጠቆም ጀመሩ። የሒሳብ ሹሟ ግን የራሷን ወረቀት አወጣች። የክለቡ መዋጮ የተመዘገበው በዶላር ነው፤ ፋውንዴሽኑም ገንዘቡን የሚለቀው የሁሉም አዋጪዎች ድርሻ መግባቱ ሲረጋገጥ ነው። 2,000 ዶላር በ57 ብር 114,000 ብር ነበር፤ ሃያ አባላት 5,700 ብር እያዋጡ ሰብስበውታል። በአዲሱ ተመን ግን ድርሻው 240,000 ብር ሆነ። እያንዳንዱ አባል ሌላ 6,300 ብር መጨመር አለበት፤ ካልጨመረ የአውሮፓውም፣ የዲስትሪክቶቹም፣ የዓለም ፈንዱም ገንዘብ ባለበት ይቆማል።

እርዳታውን ያሳደገው ተመን ዕዳችንንም እኩል አሳድጎታል። ክለቡ ውስጥ ነጋዴ፣ ሐኪምና የባንክ ሠራተኛ ቢኖርም ስድስቱ መምህራን ነበሩ፤ ለደመወዝተኛ መምህር በዚያ ወቅት 6,300 ብር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዳንዶች «ቃል የገባነው በብር ነው» አሉ። እውነት ነው፣ በቃለ ጉባኤው የተጻፈው የብር ቁጥር ነበር፤ ለፋውንዴሽኑ የቀረበው ሰነድ ላይ ያለው ግን የዶላር ነው፤ ገንዘብ የሚያስለቅቀውም ያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አባላችን፣ በከተማው የቧንቧና የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው ጋሼ (ታናናሾቹ ሁሉ እንዲህ ነው የምንጠራቸው)፣ የጎደለውን 126,000 ብር እንዳለ እሸፍናለሁ አሉ። ጭብጨባው ከመብረዱ በፊት ፕሬዚዳንቷ፣ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን የቧንቧውን ጨረታ ሊወዳደሩ ነው?» ብለው ጠየቁ። የእርዳታው ደንብ የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ይህንኑ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ግዥውም በግልጽ ውድድር እንዲፈጸም ያዛል። ሰውየው ለአፍታ ዝም አሉና፣ «ወይ ልስጥ፣ ወይ ልሽጥ፤ ሁለቱንም ግን አትከልክሉኝ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። በመጨረሻ ከጨረታው ራሳቸውን ማግለላቸው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ የራሳቸውን ድርሻና የስድስቱን መምህራን 37,800 ብር ከፈሉ፤ ቀሪው በሌሎቹ አባላት ተሞላ። ሙሉውን እንዲሸፍኑ ለምን አልተፈቀደላቸውም ለሚለው መልሱ በክለቡ ልማድ ውስጥ ነው፦ አንድ ሰው የከፈለው ፕሮጀክት የአንድ ሰው ፕሮጀክት ይሆናል፤ ሌሎቹም ሪፖርት ለመጻፍና ሥራውን ለመከታተል እግራቸው ይከብዳል።

መዋጮውን ከግብር ማስቀነስ ይቻል እንደሆነ ከነጋዴ አባላት በኩል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በጊዜው ይሠራ የነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ከግብር ከፋዩ ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። ለአባላት መዋጮ የተሰጠው ደረሰኝ ግን ይህን መስፈርት እንዲያሟላ ሆኖ የተዘጋጀ አልነበረምና ማንም አልተጠቀመበትም።

ብልጫው የማን ነው?

ድርሻው ተሟልቶ ገንዘቡ ሲገባ የናፕኪኑ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ቁም ነገር ሆኖ። ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ሁለተኛ ትምህርት ቤት መጨመር ነው። ሁለተኛው ብልጫውን ባንክ አስቀምጦ በወለዱ ለዘለቄታው ጥገና መጠቀም ነው። ይህኛው ብዙ ደጋፊ ነበረው፤ በእውነትም አስተዋይ ሐሳብ ይመስላል። የፋውንዴሽኑ ደንብ ግን የእርዳታ ገንዘብ በወለድ የሚኖር ቋሚ ፈንድ እንዲሆን አይፈቅድም፤ ለጸደቀው ሥራ መዋል አለበት። ሦስተኛው ሐሳብ የተረፈውን መመለስ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከ500 ዶላር በላይ የሆነ ትርፍ ለፋውንዴሽኑ ይመለሳልና ይህ ሕጋዊ መንገድ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ በክለቡ የቆዩ አንድ ሐኪም ግን፣ «መጸዳጃ ቤቱን በገንዘብ እጥረት ሰርዘን ገንዘብ ተረፈን ብለን ልንመልስ?» ሲሉ ክርክሩ ወደ ትክክለኛ ቦታው ተመለሰ።

በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ወሳኝ ውሳኔ የተወሰነው በዚህ ስብሰባ ነው፤ ውሳኔውም ገንዘቡን በምን ላይ እናውለው የሚል አልነበረም። ብልጫው ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ፋውንዴሽኑና አጋር ክለቡም በጽሑፍ ሳይስማሙ፣ ከመጀመሪያው በጀት ውጭ አንድ ብር እንዳይወጣ የሚል ነበር። የፕሮጀክቱ ሒሳብ ለዚሁ ብቻ የተከፈተና በሁለት ፈራሚዎች የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ውሳኔውን ማስፈጸም አላስቸገረም። ማስቸገሩ ሌላ ቦታ ነበር፤ የሲሚንቶና የጉልበት ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ እጅን አጣጥፎ ፈቃድ መጠበቅ ነርቭ ይፈትናል።

አዲስ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ብልጫው በናፕኪን ላይ የታየው እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ቀድሞውንም በትይዩ ገበያ ዋጋ ይሸጥ ስለነበር የጨመረው በመጠኑ ነው። በሀገር ውስጥ ዋጋ የተተመነው ግን፣ ማለትም ቁፋሮው፣ ግንበኛው፣ ሲሚንቶውና ማጓጓዣው፣ በግልጽ ንሯል። የመጀመሪያው ንድፍ ብቻ ወደ 3,200,000 ብር ተጠጋ። እውነተኛው ብልጫ እንግዲህ 1,600,000 ብር ገደማ ነበር፤ አንድ ሌላ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አይደለም። ፕሮፎርማዎቹ ራሳቸው ጊዜውን ይናገሩ ነበር። ቀድሞ «ለ30 ቀን የሚጸና» የሚል ማህተም የነበረባቸው ወረቀቶች አሁን «ለ3 ቀን ብቻ» ይላሉ፤ አንዱ ሱቅ ላይ ደግሞ ባለቤቱ የቀኑን መስመር ባዶ ትቶ «ሲመጡ እንነጋገራለን» ብሎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ለሦስት ተወዳዳሪ ሱቆች የዋጋ ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ፣ የግዥ ኮሚቴ አስፈርሞ፣ ቼክ አጽፎ ለማድረስ ሦስት ቀን አይበቃም። ኮሚቴው በመፍትሔነት ከሱቆቹ ጋር ሳይሆን ከራሱ አሠራር ጋር ተደራደረ፤ ሦስቱም ፕሮፎርማ በአንድ ቀን እንዲሰበሰብ፣ ግምገማው በዚያው ምሽት እንዲካሄድ፣ ሁለቱ ፈራሚዎችም በማግሥቱ ጠዋት ባንክ እንዲገኙ ተወሰነ።

የአጋር ክለቡ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። እነርሱ ከዩሮና ከዶላር አንጻር ሲያዩት የተለወጠ ነገር የለም፤ የጸደቀው 40,000 ዶላር ነው፣ የገባውም ያው 40,000 ዶላር ነው። የተሻሻለ በጀት እንዲያጸድቁ ስንጠይቃቸው፣ ገንዘቡ ሳይጨምር ሥራው እንዴት ጨመረ የሚል ጥርጣሬ ያዘለ ደብዳቤ ጻፉልን። አልተቀየምናቸውም፤ ሌላ ሀገር ተቀምጦ ይህን ማየት የሚከብድ ነው። በመልሳችን ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ላክን፤ በአንዱ ዓምድ እያንዳንዱ ዕቃ በበጀት ጊዜ የነበረው የብር ዋጋና በ57 ብር ሲመነዘር የሚሆነው ዶላር፣ በሌላው ደግሞ የዛሬው የብር ዋጋና በዛሬው ተመን የሚሆነው ዶላር። የ110 ሚሊሜትር ቧንቧው በብር ጨምሮ በዶላር በግማሽ ገደማ መውረዱን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ሆነው ለፋውንዴሽኑ ጻፉ።

የተሻሻለው በጀት ሦስት ነገር ይዞ ጸደቀ። የተሰረዘው የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ከመታጠቢያው ጋር በ900,000 ብር ተመለሰ። መስመሩ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ እስካለው ጤና ኬላ በ450,000 ብር እንዲረዝም ተደረገ። ቀሪው 250,000 ብር ለመጠባበቂያ ተያዘ፤ ደንቡ እስከ በጀቱ 10 በመቶ ድረስ መጠባበቂያ ስለሚፈቅድ ይህ ከግማሹ ብዙም አላለፈም። ሁለተኛ ትምህርት ቤት የጠቆሙት አባል አልተደሰቱም፤ ተቃውሟቸውም በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል።

ግዥ፣ ርክክብና መዝጊያ

ስለ ግንባታው ብዙ የሚባል የለም። ቁፋሮው በበጋ ተጀምሮ ክረምቱ ሳይገባ አለቀ፤ አንድ ቦታ ላይ የመንገድ ማቋረጫ ፈቃድ ዘገየ፣ በኋላ ተገኘ። ማጠራቀሚያው ጋን ከተሰቀለ በኋላ ከመጠጫው ቧንቧ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ፍሎራይዱ ከ1.5 ሚሊግራም በታች ነበር። የድሮው ጉድጓድ አልተዘጋም፤ ለመጸዳጃ ቤቱና ለችግኝ ማጠጫ እንዲውል ተወስኖ ቧንቧው ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ልጆቹም ከቀዩ እንዳይጠጡ መምህራኑ በሰልፍ ላይ ያስጠነቅቃሉ። ቀለሙ በፀሐይ እየገረጣ ሲሄድ ማን እንደሚያድሰው በርክክቡ ሰነድ ላይ ተጽፏል፤ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ነው።

በጀቱ ተዘግቶ ሲመረመር የወጣው ጠቅላላ 4,765,000 ብር፣ የተረፈው 35,000 ብር ሆነ። በዕለቱ ተመን ይህ ከ300 ዶላር በታች በመሆኑ የመመለስ ግዴታ አልነበረበትም፤ ለመለዋወጫ መጋጠሚያና ለቆጣሪ ክዳን ዋለ። የመጨረሻው ሪፖርት ሥራው ባለቀ በሁለት ወር ውስጥ ተላከ። ደረሰኞቹ ቢያንስ ለ5 ዓመት መቀመጥ ስላለባቸው አሁንም በሒሳብ ሹሟ ቢሮ በሁለት ፋይል ታስረው ይገኛሉ።

ክለቡ በዚህ ጉዳይ ምክንያት ሁለት አሠራር ቀይሯል። የአባላት መዋጮ በቃለ ጉባኤ ሲመዘገብ ከብሩ ጎን የዶላሩ መጠንና የተመኑ ቀን አብረው ይጻፋሉ፤ ለክለቡ ድርሻም ከተሰበሰበው ላይ ለምንዛሪ ለውጥ የሚሆን ተጨማሪ ይያዛል። ሁለተኛው ለውጥ ለማንኛውም በጀት ከውጭ የሚገባውና በሀገር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ተለያይቶ እንዲቀርብ ነው፤ ሁለቱ በተመን ለውጥ ጊዜ በተለያየ ፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ በእጃችን አይተናልና።

እስካሁን ያልተቋጨው የውሃ ክፍያው ነው። ጤና ኬላው በኋላ የተጨመረ በመሆኑ ውሃውን የሚያገኘው ከትምህርት ቤቱ ቆጣሪ በኋላ በተዘረጋ መስመር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቢል በሙሉ በትምህርት ቤቱ ስም መጣ። ርዕሰ መምህሩ ለክለቡ አቤት ሲሉ ኮሚቴው ጤና ኬላው የራሱ ቆጣሪ እንዲገባለት ለውሃ አገልግሎቱ አመልክቷል፤ ቆጣሪው እስኪገባ ድረስ ሁለቱ ተቋማት አንድ ሦስተኛና ሁለት ሦስተኛ እየተካፈሉ እንዲከፍሉ በጽሑፍ ተስማምተዋል።